ጥፋቱ የፓይለቱ ነውን?

አይሮፕላን በወደቀ ማግስት ከስብርባሪው ቀድሞ የሚገኝ ነገር ቢኖር ጥፋተኛው ነው። አስከሬኑ ሳይሰበሰብ፣ ድምፅ መቅጃው ከጭቃው ሳይወጣ፣ በየሻይ ቤቱ «ፓይለቱ ነው አሉ» ይባላል። ይኸን የሚለው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ያን ያህል ሞት ያለ ባለቤት መተው ስለሚከብድ ነው። ፓይለቱ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ መሪው በእጁ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜም አብሮ ሞቷልና አይከራከርም።

እኛ ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ ነገሩን ከሻይ ቤቱ ሳይሆን ከፊት፣ ከመስታወቱ ኋላ ከተቀመጠው ሰው ወንበር ለማየት ፈለግን። የምናየውም ከቦንጋ ሆነን ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቦንጋና አይሮፕላን ምን አገናኛቸው? ስለ ቡና ጻፉ፣ ስለ ማር ጻፉ» ብለውናል። መልሳችን አጭር ነው፦ የኢትዮጵያ ፓይለት ሥራውን ከተማረባቸው አስቸጋሪ ሰማያት አንዱ ይኸው ከበላያችን ያለው ነው።

የድሮው የከፋ ክፍለ ሀገር ዛሬ ከምናውቀው የከፋ ዞን እጅግ ይሰፋ ነበር። ዋና ከተማው ጅማ ስትሆን ቦንጋ የከፋ አውራጃ ከተማ ነበረች። ሚዛን ተፈሪ፣ ማጂና ዋካም በዚያው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበሩ። አገሩ ጫካ፣ ተራራና ገደል ነው፤ ዝናቡ በዓመት ከስምንት ወር የማያንስ፣ መንገዱም በቅሎ ከነጭነቷ በጭቃ የምትሰምጥበት ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ ጋዜጣ የጻፈው ስለ ካይሮው ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን ቁም ነገሩ ካይሮ አልነበረም፤ ጅማ ነበር። ጅማ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መድረሻዎች አንዷ ሆነች። ከዚያ ወዲያ አይሮፕላኑ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ቴፒ፣ ወደ ማጂ፣ ወደ ዋካ ሣር ሜዳ ይወርድ ጀመር። መኪና ያላየ ሰው አይሮፕላን አየ የሚባለው ተረት እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ አካባቢ እውነት ነው።

ያ አይሮፕላን ዲሲ-3 እና የወታደር ወንድሙ ሲ-47 ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ ጭራው መሬት ላይ የሚያርፍ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ያቀና። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተገጠመ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ በመካከሉ ጭነቱ በገመድ ይታሰራል። ቡናና ሰው አብሮ ይበር ነበር። በዚያን ጊዜ ፓይለቶቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ አየር መንገዱን ያቋቋመውና ያስተዳደረው በውል የገባው ቲ ደብሊው ኤ ስለነበረ። ኢትዮጵያዊ ካፒቴን በዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን እሱም ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ነው። አየር መንገዱ ሥራ ከጀመረ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዘገየ የሚል ይኖራል፤ በዘመኑ በአፍሪካ ምድር ጥቁር ሰው ካፒቴን ሆኖ ማየት ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ ግን አይረሳ።

እስቲ አሁን በዚያ ወንበር ላይ እንቀመጥ። ወሩ ሐምሌ ነው። ከሥር ያለው ጫካ ከላይ ሲታይ የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል፤ ለፓይለቱ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ሞተር ቢጠፋ የሚያርፍበት አንድ ቅንጣት ሜዳ የለም ማለት ነው። ደመናው ተራራውን ተደግፎ ያድራል፤ ጧትም ቶሎ አይነሣም። በሣር ሜዳዎቹ ላይ የሬዲዮ መርጃም መብራትም የለም። ፓይለቱ ያለው ኮምፓስ፣ ሰዓት፣ ካርታና ሁለት ዓይን ነው። ወንዝ ያያል፤ «ይኸ ጎጀብ ነው» ይላል። ከወንዙ ጋር ታጥፎ ይሄዳል። ሜዳው ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ከብቱ ይባረርለት ዘንድ። ከዚያ ዞሮ ያርፋል።

አገሩ ከፍ ያለ ስለሆነም አየሩ ስስ ነው። የጅማ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። በስስ አየር ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚሸከመው ያንሳል፤ ስለዚህ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ከተነሣም በኋላ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ይህን ነገር ተሳፋሪው አያውቀውም። ነጋዴው «አንድ ጆንያ ብትጨምርልኝ ምን ትሆናለህ?» ይላል። አንድ ጆንያ! ፓይለቱ እምቢ ሲል ክፉ ሰው ይባላል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ወጥመድ ግን ሸለቆ ነው። ደመናው ዝቅ ሲል ፓይለቱ ከሥሩ ገብቶ በሸለቆው ውስጥ ይሄዳል፤ መሬቱን ማየት አለበትና። ሸለቆው እየጠበበ፣ ወለሉም እየወጣ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ለመዞር ስፋት የለም፤ ለመውጣትም የሞተሩ ጉልበት አይበቃም። የሚያሳዝነው፣ ያቺ ቦታ ምልክት የላትም። ፓይለቱ ካለፋት በኋላ ነው የሚያውቃት።

ሐምሌ 8 ቀን 1952 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 372 የሆነ ሲ-47 ከጎፋ ቡልቂ ተነሥቶ ወደ ጅማ ሲመጣ ጅማ ሳይደርስ ከተራራ ጋር ተጋጨ። በውስጡ 11 ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞተ፣ አሥሩ ተረፉ። በዓለም የአደጋ መዝገብ ውስጥ ይኸ አንድ መስመር ነው። ከአንድ መስመር በላይ የሚጽፍለት አልተገኘም። ሆኖም ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ከአሥራ አንድ አሥር ሰው ማትረፍ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ የተሳፈሩበት ትዊን ኦተር አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላው የፉኝዶ የስደተኞች ሠፈር ሲሄድ ጠፋ። ዓለም ሁሉ ፈለገው። በስድስተኛው ቀን በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራ ላይ ተገኘ፤ 16ቱም ሰዎች አልቀው ነበር። ሐምሌና ነሐሴ፤ ያው ክረምት፣ ያው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ደመና፣ ያው ተራራ።

እንዲህ ያለ አደጋ በሙያው ውስጥ የራሱ መደብ አለው፦ ሞተሩ ደህና የሆነ፣ ክንፉ ደህና የሆነ፣ በፓይለቱ ሙሉ ቁጥጥር ሥር ያለ አይሮፕላን መሬት ሲመታ። ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ሰው የገደለው የአደጋ ዓይነት ይኸ ነበር። በየሪፖርቱ መጨረሻ የሚጻፈውም «የፓይለት ስሕተት» የሚል ነበር። እውነትም ነው፤ ተራራው አልተንቀሳቀሰም። ግን ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ብንጽፈው የሚቀጥለውን አይሮፕላን ከተራራው አያድነውም። ያዳነው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ፓይለቱ ለምን ሳያይ ቀረ?» ይህን የጠየቁ መሐንዲሶች መሬት ሲቀርብ የሚጮህ መሣሪያ ሠሩ፤ አሜሪካ ከ1967 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትላልቅ አይሮፕላኖቿ ላይ እንዲገጠም አስገደደች፤ ቆይቶም መሣሪያው የዓለምን ተራራ ሁሉ በካርታ ይዞ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ ተራራ የመታውን ሁሉ «ሰነፍ ፓይለት» ብለን ቀብረን ቢሆን ኖሮ ያ መሣሪያ አይሠራም ነበር።

መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። በኮክፒት ውስጥ ሁለት ሰው የሚቀመጠው አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲነዳ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲናገር ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴነሪፍ ደሴት በጉም ውስጥ ሁለት ጃምቦዎች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሣት የተንደረደረው የኬ ኤል ኤም ካፒቴን በድርጅቱ ውስጥ የተከበረ፣ ሌሎችን የሚያሠለጥንና የሚፈትን ሰው ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አይሮፕላን ከሜዳው ለቆ እንደሆነ ጠየቀ። ካፒቴኑ ለቋል ብሎ መለሰ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ከሴኮንዶች በኋላ ሁሉም አለቀ።

ይኸ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እኛ ታላቅን «አንቱ» እያልን ያደግን ነን። ታላቅ ሲናገር አናቋርጥም፤ ቢሳሳት እንኳ ዞር ብለን፣ በምሳሌ አድርገን፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው የምንነግረው። መልካም ባህል ነው፤ ለሽምግልና ይበጃል። ግን አይሮፕላን ወደ ተራራ ሲሄድ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ የለም። «ጌታዬ፣ ምናልባት ትንሽ ከፍ ብንል» ማለትና «ከፍ በል!» ማለት መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከቴነሪፍ በኋላ የዓለም አየር መንገዶች ረዳት ፓይለቱ ደፍሮ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ የሚያስተምር ሥልጠና ያቋቋሙት። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 409 ከቤይሩት ተነሥቶ በነጎድጓድ ሌሊት ባሕር ውስጥ ወድቆ 90 ሰዎች ሲሞቱ የሊባኖስ መርማሪዎች ያነሡት አንዱ ነገር ይኸው ነበር፦ ካፒቴኑ በጨለማ አቅጣጫ ሲምታታበት ረዳቱ በጊዜ አልተናገረም አሉ። አየር መንገዱ ግን ይህን አልተቀበለም፤ ነገሩ የፓይለት ጉዳይ ሳይሆን አይሮፕላኑ ላይ በአየር የደረሰ ነገር ነው ብሎ ተቃወመ። ይኸው ክርክሩ እንዳለ አለ።

ፓይለቱ ምንም ያላጠፋበት አደጋም አለ፤ እሱን ደግሞ ቶሎ እንረሳለን። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግብ አስገባ። ርግብ! ፓይለቶቹ ወደ ሜዳው ለመመለስ ዞሩ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አይሮፕላኑ ጐማውን ሳያወጣ በሆዱ አረፈና ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ፣ 69 ተረፉ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን ልዑል አባተ የሚያበሩትን ቦይንግ 767 ሦስት ጠላፊዎች ያዙና ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነገራቸው አላመኑም። ካፒቴኑ የአፍሪካን ጠረፍ ላለመልቀቅ ሲሞክሩ ቆይተው ነዳጁ አልቆ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ ከጠላፊ ጋር እየታገሉ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ከሞቱት ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አይሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ፤ ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣራው አንሥቶ መውጫ አሳጣቸው። እንግዲህ ሆስተሷ «ከመውጣታችሁ በፊት አትንፉ» ስትል ጋዜጣ የምናነብ ሰዎች ይህን ብናውቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጧት፣ የበረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ መሬት ገባ። 157 ሰዎች። ካፒቴኑ ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል፤ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር። አይሮፕላኑ አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዚያው ዓይነት አይሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ገድሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው አፍንጫውን በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት አስገብቶበት ነበር። ሥርዓቱ ያኔ የሚሰማው ከአንድ መለኪያ ብቻ ነበር፤ ያ መለኪያ ከዋሸ ሥርዓቱም ይዋሽ ነበር። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ደግሞ ፓይለቶች በመጽሐፋቸው ውስጥ ስለ ሥርዓቱ መኖር እንኳ አልተነገራቸውም። በዚያ እሑድ መለኪያው ዋሸ። አይሮፕላኑ አፍንጫውን ደፋ። ፓይለቶቹ ሳቡ፤ እንደገና ደፋ። ፋብሪካው ባዘዘው መሠረት የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ዘጉና መዘውሩን በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለነበረ የነፋሱ ጫና መዘውሩን አስሮት አልዞር አለ። ኤሌክትሪኩን መልሰው አበሩ። ሥርዓቱ እንደገና ደፋው።

ታዲያ ምን ተባለ? ያው የተለመደው ተባለ። ሳምንታት ሳይቆዩ በባሕር ማዶ «በእኛ አገር የሠለጠነ ፓይለት ቢሆን ኖሮ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል በስብሰባ ላይ ይህንኑ ተናገሩ። የያሬድ ወላጆች ልጃቸውን ሳይቀብሩ ልጃቸው ተከሰሰ። ኋላ ግን በመስከረም 2013 ዓ.ም. የዚያው ምክር ቤት ኮሚቴ ሪፖርት የፋብሪካውን አሠራርና የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ልልነት በግልጽ አወጣ። በ2014 ዓ.ም. ቦይንግ ራሱ በፍርድ ቤት አይሮፕላኑ ለደህንነት አደገኛ እንደነበረና ለሟቾች ካሣ ኃላፊነቱ የእርሱ እንደሆነ ተቀበለ። የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የሥርዓቱን ጥፋት ሳይክዱ የፓይለቶቹ ድርሻ በበቂ አልተመረመረም ብለው አስተያየት ጻፉ። ለእውነት ስንል ይህንም እንጽፋለን፦ የሞተሩ ኃይል አለመቀነሱ ፍጥነቱን ጨምሯል፤ ይህን ማንሣት ሟቹን መስደብ አይደለም። ማንሣቱ ስድብ የሚሆነው ጥያቄው እዚያ ላይ ሲያበቃ ነው። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ወጣቶች የፋብሪካ መሐንዲሶች በዓመታት ያልፈቱትን እንቆቅልሽ እንዲፈቱ ተጠይቀው ነበር።

ሌላ የማይመዘገብ ነገር አለ። በክረምት ወደ ጅማ የሄደ አይሮፕላን ሜዳው በደመና ተሸፍኖ ሳያርፍ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ተሳፋሪው ምን እንደሚል እናውቃለን። «ይኸን ያህል ደመና ፈርቶ!» ይላል። አንዱ ለቅሶ ሊደርስ ነበር፣ አንዱ ቀጠሮ አለው፤ እውነቱን ነው። ያ ፓይለት ግን የዚያን ቀን ሥራውን ሠርቷል። ባልደረሰ አደጋ ማንም አይመሰገንም፤ ስሙም በየትም አይጻፍ። የ1950ዎቹ ፓይለት ከጎጀብ ሸለቆ አፍ ላይ ሲመለስም እንዲሁ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተመለሱ የሚቆጥር መዝገብ ቢኖር የዚህን ሙያ ታሪክ ከወደቁት ይልቅ ከተመለሱት በጻፍን ነበር።

ዛሬ ወደ ጅማ አባ ጅፋር የሚበረው ተርቦፕሮፕ ኪው-400 ነው። በዚህ ዓይነት አይሮፕላን ላይ ነው አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ሴት ካፒቴን የሆነችው። ተራራው በስክሪን ላይ በቀለም ይታያል፤ ሲቀርቡት ይጮኻል፤ ሁለት ሳጥኖች እያንዳንዷን ቃልና እያንዳንዷን የመሪ ንቅናቄ ይመዘግባሉ። ፓይለቱ ስንት ሰዓት እንደሠራና እንዳረፈ በሕግ ተወስኖ ይጻፋል። ይኸም ቢሆን ሰው ሰው ነው፤ ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ አይሮፕላን የመውረጃ ጊዜው አልፎ በከፍታው እንዳለ አዲስ አበባ ላይ ሲያልፍ ሁለቱም ፓይለቶች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ተብሎ ተዘገበ፤ አየር መንገዱም ምርመራ እስኪደረግ ከበረራ አገዳቸው። ወዲያው የተነሣው ጥያቄ ግን «ለምን ሰነፉ?» አልነበረም፤ «ስንት ሰዓት ሠርተው ነበር?» የሚል ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ በሬሳ የተገዛ ጥያቄ ነው።

ወደ ቦንጋ የሚመጣው መንገደኛ ጅማ ላይ ይወርዳል። ቀሪው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ነው፤ ወደ ጎጀብ ቁልቁል፣ ከጎጀብ ሽቅብ፣ በጉምና በዝናብ። በዚህ መንገድ ላይ ሚኒባስ ሲገለበጥ የትራፊክ ፖሊስ ሜትር ይዘረጋል፣ ሾፌሩ ከተረፈ ይታሰራል፣ በማግስቱም መንገዱ ይከፈታል። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደነዳ፣ ፍሬኑ መቼ እንደታየ፣ ባለቤቱ በቀን ስንት ምልልስ እንዳዘዘው፣ ኩርባው ላይ ምልክት ነበረ ወይ ብሎ የሚጽፍ ብዙ ጊዜ የለም። መንገደኛው ከአይሮፕላኑ ወርዶ ሻንጣውን ሚኒባሱ ጣራ ላይ ያስጭናል፤ ሾፌሩም ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛ ማንም ሳይጠይቀው ሞተሩን ያስነሣል።